የጥበቃ ጀልባ አገልግሎት በባሕር ኃይልና በጠረፍ ጥበቃ

ስለ ባሕር ኃይል በተነገረ ቁጥር የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ታላላቆቹ የጦር መርከቦች ነው። አውሮፕላን ተሸካሚው፥ ባሕር ሰርጓጁ፥ ረጅም መድፍ የተጠመደበት መርከብ በዓይናችን ፊት ይደቀናል። ይሁን እንጂ ከዓለም መንግሥታት ብዙዎቹ እንዲህ ያለ መርከብ የላቸውም። ጠረፋቸውን የሚጠብቁት ጥቂት መርከበኞች በሚነዱአቸው ትናንሽ ጀልባዎች ነው። ታላላቅ መርከቦች ያሏቸው መንግሥታት እንኳ የዕለት ተዕለቱን የጠረፍ ሥራ የሚሠሩት በእነዚሁ ነው።

ለመሆኑ የጥበቃ ጀልባ ምን ይሠራል? ብርታቱስ የሚመጣው ከምን ላይ ነው? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

፩. ጠባዩና አሠራሩ

የጥበቃ ጀልባ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 60 ሜትር ይደርሳል። ከዚህ የሚበልጡት የሩቅ ባሕር ጥበቃ መርከቦች ይባላሉ። መሣሪያው መትረየስ ወይም አነስተኛ መድፍ ነው። አካሉ ቀድሞ ከእንጨት ወይም ከብረት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አሉሚኒየምና ፋይበርግላስም ገብተዋል። በመልክ የሚመስሉት፥ ነገር ግን በሥራ የሚለዩት፥ ሮኬት ወይም ቶርፔዶ የተሸከሙ የአደጋ መጣያ ጀልባዎች አሉ። በኦክቶበር 1967 የግብፅ ጀልባዎች ኤላት የተባለውን የእስራኤል የጦር መርከብ በሮኬት ያሰጠሙት በዚህ ዓይነት ነው። የእነዚህ ሥራ መትቶ መሸሽ ሲሆን፥ የጥበቃ ጀልባ ሥራ ግን ቆሞ መጠበቅ ነው።

የጀልባው ሠሪ ሁልጊዜ የሚቸገርበት ጉዳይ ፍጥነትንና ጽናትን ማስታረቅ ነው። ውሃውን እየሰነጠቀ ለሚሄድ ጀልባ የሚያስፈልገው የሞተር ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል በግምት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ የሚቃጠለው ናፍታም አራት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ በሰዓት 10 የባሕር ማይል፥ ማለት 18 ኪሎ ሜተር ተኩል ያህል፥ ሲጓዝ አራት ቀን የሚያዘልቀው ናፍታ፥ በሰዓት 20 ማይል ቢነዳ ግማሽ ቀን ብቻ ይበቃዋል። በውሃው ላይ ተንሳፎ የሚበር ቀላል ጀልባ ከዚህ ሕግ በከፊል ያመልጣል። ነገር ግን ማዕበል ሲነሣ መርከበኞቹን ያንገላታል፤ ብዙ ስንቅና ናፍታም አይጭንም። በመሆኑም አስተዋይ አዛዥ ፍጥነቱን ለማሳደጃ ጊዜ ቆጥቦ ቀሪውን ሰዓት በዝግታ ይቃኛል።

፪. ሁለት ጌቶች ያሉት ጀልባ

የጥበቃ ጀልባ በአንዳንድ አገር ለባሕር ኃይል፥ በአንዳንድ አገር ደግሞ ለጠረፍ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ያገለግላል። ልዩነቱ የቀለም ብቻ አይደለም። ባሕር ኃይል በመሠረቱ የተቋቋመው ጠላትን ለመዋጋት ነው። የጠረፍ ጠባቂ ግን ፖሊስም፥ የጉምሩክ ሠራተኛም፥ የነፍስ አድን ሠራተኛም ነው።

የዚህን ልዩነት መነሻ ለማየት የአሜሪካን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በኦገስት 1790 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን አሥር ትናንሽ ጀልባዎች እንዲሠሩ በምክር ቤት አስፈቀደ። የተፈለጉት ለጦርነት አልነበረም። ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ያን ጊዜ የአዲሱ መንግሥት ዋና ገቢ ስለ ነበረ፥ ነጋዴው ቀረጥ ሳይከፍል በየወሽመጡ እንዳያራግፍ ለመከልከል ነው። በእኛ አነጋገር እነዚያ ጀልባዎች በውሃ ላይ የሚንቀሳቀሱ ኬላዎች ነበሩ። ይኸው አገልግሎት በ1915 ከነፍስ አድን ድርጅቱ ጋር ተዋሕዶ የዛሬው የአሜሪካ ጠረፍ ጠባቂ ተወለደ።

ኬላ የሚያስከብረው የቆመበት ሕግ እንጂ የዘበኛው ጠመንጃ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። በባሕርም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የጦር መርከቦች አደንዛዥ ዕፅ የጫነ ጀልባ ለመያዝ ሲሰማሩ ጥቂት የጠረፍ ጠባቂ ባልደረቦችን ያሳፍራሉ። ፈትሾ የማሰር ሥልጣን ያላቸው እነርሱ ናቸውና፥ ያ ሁሉ መድፍና ሮኬት የተሸከመ መርከብ ለሕጉ ሥራ ከእነዚህ ጥቂት ሰዎች ኋላ ይቆማል።

፫. ተጠርጣሪ መርከብ የሚያዝበት ሥርዓት

በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ለባለጠረፉ መንግሥት ልዩ ልዩ ወሰኖችን ሰጥቷል። እስከ 12 የባሕር ማይል፥ ማለት 22 ኪሎ ሜትር ያህል፥ የግዛቱ ባሕር ነው። እስከ 24 ማይል ድረስ የጉምሩክ፥ የጤናና የስደተኞች ጉዳይ ሕጉን ለማስከበር ይቆጣጠራል። እስከ 200 ማይል ድረስ ደግሞ በዓሣውና በባሕሩ ሀብት ላይ መብት አለው።

የጥበቃው ጀልባ በዚህ ወሰን ውስጥ ሕግ የጣሰ መርከብ ሲያይ በመጀመሪያ የነበረበትን ቦታና ሰዓት በጥንቃቄ ይመዘግባል። በኋላ በፍርድ ቤት የሚጠየቀው ይህ ነው። ቀጥሎ የተጠረጠረው መርከብ ሊያየው ወይም ሊሰማው በሚችል ርቀት ላይ ሆኖ የቁም ምልክት ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ያ መርከብ ቢሸሽ፥ ማሳደዱ ሳይቋረጥ እስከ ቀጠለ ድረስ፥ ከወሰኑ ውጭም ቢሆን ሊይዘው ይፈቀድለታል። ሸሺው ወደ ራሱ አገር ወይም ወደ ሌላ መንግሥት የግዛት ባሕር ሲገባ ግን መብቱ ያበቃል። መርከቡ ከቆመ ጥቂት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ተሻግረው ይወጡና ሰነዱን፥ ጭነቱንና መረቡን ይመረምራሉ። እጅግ አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። የሚወጣው ሰው ሁለቱን እጆቹን በመሰላል ይዞ ሳለ በላይ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ አያውቅምና።

፬. በኖርማንዲ የታየው

አንድ ዓይነት ጀልባ ስንት ሥራ ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳየን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጠረፍ ጠባቂ 83 ጫማ፥ ማለት 25 ሜትር ያህል፥ የሆኑ 230 የእንጨት ጀልባዎች አሠርቶ ነበር። ሥራቸው በአትላንቲክ ዳር የጀርመንን ባሕር ሰርጓጆች ማደን ነበረ። በጁን 1944 የተባበሩት መንግሥታት ጦር በኖርማንዲ ጠረፍ ሲወርድ ከእነዚህ ውስጥ 60ዎቹ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው የነፍስ አድን ጓድ ሆኑ። በውሃ ውስጥ የሚፈነዳ ቦምብ ይጥሉ የነበሩት መርከበኞች ከሚቃጠሉና ከሚሰጥሙ መርከቦች ሰው እያወጡ ይጭኑ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ400 በላይ ሰዎችን አተረፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጓዱ እስኪበተን ድረስ የዳኑት ቁጥር 1,438 ደረሰ። ጀልባዎቹ ይህን ለመሥራት ያስቻላቸው የመሣሪያቸው ብዛት አይደለም። ትናንሽ በመሆናቸው ወደ ዳርቻው ይቀርባሉ፤ አደጋውም በደረሰበት ሰዓት እዚያው ነበሩ።

፭. የአይስላንድ ክርክር

ሁለተኛው ምሳሌ ከአይስላንድ ነው። ይህች ደሴት ኑሮዋ በዓሣ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የባሕር ኃይል የላትም። ያላት የጠረፍ ጠባቂ ብቻ ነው። በ1958 የዓሣ ማጥመጃ ወሰንዋን ወደ 12 ማይል፥ በ1972 ወደ 50፥ በ1975 ወደ 200 ማይል አሰፋች። የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጆች ይህን አንቀበልም ብለው መረባቸውን መጣል ቀጠሉ። የእንግሊዝ መንግሥትም የጦር መርከቦቹን ልኮ አጀባቸው።

የአይስላንድ መርከቦች ከተራ የጥበቃ ጀልባ ከፍ ያሉ ቢሆኑም፥ ከእንግሊዝ ፍሪጌቶች ጋር በመድፍ የሚወዳደሩ አልነበሩም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አበጁ። ስለታም መቁረጫ በገመድ አስረው ከኋላቸው እየጎተቱ በዓሣ አጥማጁ መርከብ ኋላ ሲያልፉ መረቡን የያዘው የብረት ገመድ ይቆረጣል። ይህ በመጀመሪያ የተደረገው ኤጊር በተባለችው መርከብ በሴፕቴምበር 1972 ነው። ሰው ሳይገደል ዓሣው ከነመረቡ ይጠፋል፤ ባለ መርከቡም ይከስራል። ፍሪጌቱ ደግሞ በመድፍ እንዳይተኩስ፥ በፊቱ ያለው የወዳጅ አገር የሕግ አስከባሪ ነው። የቀረው መጋጨት ብቻ ስለ ነበረ ሁለቱም ወገኖች ብዙ ጊዜ ተጋጩ።

በጁን 1976 እንግሊዝ የ200 ማይሉን ወሰን ተቀበለች፤ ለስድስት ወር ብቻ በአማካይ 24 መርከቦችዋ እንዲያጠምዱ ተፈቀደላት። እርግጥ ነው፥ ድሉ የመርከቦቹ ብቻ አልነበረም። አይስላንድ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አባል መሆንዋና በምድርዋ ላይ የነበረው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ለክርክሩ ክብደት ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ መርከቦቹ በየቀኑ በሥፍራው ባይገኙ ኖሮ፥ ወሰኑ በወረቀት ላይ የተጻፈ ቃል ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

፮. የቀይ ባሕር ትምህርት

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ሲቋቋም ዋና ሰፈሩን በምጽዋ አደረገ። ኢትዮጵያ የተባለችው ታላቂቱ መርከብ በ1962 ከአሜሪካ ስትመጣ ለማሠልጠኛም አገልግላለች። ለጠረፉ የቀን ተቀን ሥራ የተመደቡት ግን 95 ጫማ፥ ማለት 29 ሜትር ያህል፥ ርዝመት ያላቸው የጥበቃ ጀልባዎች ናቸው። እነርሱም መጀመሪያ ለአሜሪካ ጠረፍ ጠባቂ የታቀደ ዓይነት ነበሩ።

ሥራው ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ከባሕሩ ወለል 9 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ተመልካች አድማሱን የሚያየው በ11 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ግራና ቀኙ ሲደመር 22 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የምትጠብቀው የቀይ ባሕር ዳርቻ፥ የዳህላክ ደሴቶች ሳይቆጠሩ፥ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ይህን በዓይን ብቻ ለመሸፈን 45 ጀልባዎች በአንድ ጊዜ በባሕር ላይ መቆም ይገባቸዋል። በተለመደው የባሕር ሰዎች ግምት ደግሞ አንድ ጀልባ ሁልጊዜ በባሕር ላይ እንዲገኝ ሦስት ያስፈልጋሉ። አንዱ ሲጠብቅ ሁለተኛው ሲጠገን፥ ሦስተኛው ሲዘጋጅና መርከበኞቹ ሲሠለጥኑ ማለት ነው። ስለዚህ 135 ጀልባዎች መሆናቸው ነው። ይህን የሚችል መንግሥት በቀላሉ አይገኝም።

እንግዲህ ጥበቃ የሚከናወነው ሁሉን ሥፍራ በመሸፈን አይደለም። ራዳርና አውሮፕላን ርቀቱን ያሳጥራሉ። ባሕሩን የሚያውቀው ዓሣ አጥማጅ የሚሰጠው ወሬም ትልቅ ዋጋ አለው። ከሁሉ በላይ ግን ኮንትሮባንዲስቱን የሚያስፈራው ጀልባው ዛሬ ሌሊት የት እንዳለ አለማወቁ ነው። በግቢ በር የቆመ ዘበኛ ሌባውን ሁሉ በዱላው አይመታም፤ መንቃቱ ብቻ ብዙውን ይመልሳል። ጀልባው ከወደቡ ካልወጣ ግን ይህ ፍርሃት በጥቂት ሳምንት ይጠፋል።

የጀልባ ዕድሜ የሚወሰነው በወደቡም ጭምር ነው። ምጽዋ በ1990 በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ ባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈሩን አጣ። በ1991 መንግሥቱ ሲወድቅ የቀሩት መርከቦች ብዙዎቹ ወደ የመን ሸሹ። ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ ያለ ባሕር በር ቀረች፤ ባሕር ኃይሉም በ1996 ጨርሶ ፈረሰ። ጥገና፥ መለዋወጫና ናፍታ የሚሰጠው ሰፈር የሌለው ጀልባ ዕዳ እንጂ ኃይል እንዳልሆነ ያለፈው ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

፯. የማይችለውና የሚችለው

የጥበቃ ጀልባን ከአቅሙ በላይ ማወደስም ስሕተት ነው። በጃንዋሪ 1991 መጨረሻ በቡቢያን ደሴት አጠገብ የኢራቅ ባሕር ኃይል ጀልባዎች ወደ ኢራን ለመሸሽ ሲሞክሩ፥ በእንግሊዝ ሄሊኮፕተሮች ሮኬትና በሌሎች አውሮፕላኖች ተደመሰሱ። ከአየር መከላከያ የሌለው ትንሽ ጀልባ በግልጽ ጦርነት ጊዜ ይህ ዕድል ይጠብቀዋል። ጀልባውን ለጦርነት ብቻ የሚገዛ መንግሥት፥ ጦርነት ሲመጣ ያጣዋል፤ በሰላሙ ጊዜም አይጠቀምበትም።

የኢትዮጵያ መንግሥት የባሕር ኃይልን እንደገና ለማቋቋም ማሰቡን በ2018 ገልጿል፤ በማርች 2019ም ለዚሁ ሥራ እርዳታ የሚያስገኝ ስምምነት ከፈረንሳይ ጋር ተፈርሟል። ባሕር የሌለው መንግሥት ባሕርተኛ ማቆየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ቦሊቪያ ጠረፍዋን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጦርነት አጥታ ሳለ፥ ዛሬም በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞችዋ ላይ የምታሰማራው ባሕር ኃይል አላት። የወደብ ጉዳይ የዚህ ጽሑፍ ርእስ ስላልሆነ አንገባበትም።

ነገር ግን የትም አገር ቢሆን፥ ስለ ጥበቃ ጀልባ የሚመክር ሰው ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው «ስንት ጀልባ አለን?» የሚለው መሆን የለበትም። ጀልባው በዓመት ስንት ቀን በባሕር ላይ ይውላል? መርከበኛው የሚያስከብረውን ሕግ ጠንቅቆ ያውቃልን? ሲሰበርስ የሚጠግነው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው አገር በጥቂት ጀልባ ብዙ ይሠራል። መልስ የሌለው ግን የጀልባውን ቁጥር ቢያበዛ፥ በወደብ ታስሮ የሚዝግ ብረት ከማብዛት በቀር የሚያተርፈው አይኖርም።