ቢራቢሮ የሚኖርበት በረንዳ

ግቢ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ቢራቢሮ ማስተናገድ ይችላል። ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳና ጥቂት የአበባ መትከያዎች ይበቁታል። አበባ ብቻ ግን አይበቃም፤ ቢራቢሮ ከአበባ ጣፋጩን ፈሳሽ ትመጥጣለች፣ ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ግን የሚመገበው ቅጠል ነው። ስለዚህ ለሁለቱም መትከል ያስፈልጋል።

ቦታው፦ ቢራቢሮ ለመብረር ሰውነቷን የምታሞቀው በፀሐይ ነው። እንደ አዲስ አበባ ጠዋቱ በሚቀዘቅዝበት ከተማ፣ የረፋድ ፀሐይ የሚያርፍበትንና ነፋስ የማይበረታበትን ጥግ ምረጡ።

መትከያው፦ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ወይም አሮጌ ባልዲም ያገለግላል፤ ከሥሩ መበሳቱን ግን አትርሱ። መረሬ አፈር ብቻውን ሲረጥብ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከአሸዋና ከኮምፖስት ጋር አዋህዱት። በበጋ ትንሽ መትከያ ቶሎ ስለሚደርቅ አፈሩን በየቀኑ በጣት እየነካችሁ አጠጡ።

አበባው፦ ዚኒያ፣ ኮስሞስና ፔንታስ ጥሩ ምርጫዎች ናቸው። አደይ አበባም ትሆናለች፤ ነገር ግን በመስከረም ደምቃ ቶሎ ስለምትከስም ሌሎቹን አከታትሎ መዝራት ይሻላል። የአበባ ቅጠላቸው ድርብርብ የሆኑ ዝርያዎች ለዓይን ቢያምሩም ብዙዎቹ ፈሳሻቸው ጥቂት ነው፤ መሃሉ የሚታየውን ነጠላ አበባ አስቀድሙ። የወፍ ቆሎን ቢራቢሮ ትወዳታለች፤ ሆኖም ፍሬዋን ወፎች እየዘሩት መሬት የምትወር መጤ አረም ስለሆነች ባትተክሏት ይመረጣል።

የትሉ ቀለብ፦ አንድ የሎሚ ችግኝ ትከሉ። ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ቢፈጅም እዚህ የሚፈለገው ቅጠሉ ነው። ጥቁር ክንፏ በቢጫ ነጠብጣብ የተዋበው ትልቋ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ ነው። ትሉ ለጋ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ጠላቶቹም በዚህ ይታለላሉ። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከአንገቱ ላይ ሁለት ብርቱካናማ ቀንዶች አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይለቃል። ሰውን ግን አይጎዳም።

ውሃው፦ በዝርግ ሳህን እርጥብ አሸዋ አስቀምጡ። በተለይ ወንዶቹ ቢራቢሮዎች ከእርጥብ አፈር ጨውና ማዕድን ይመጥጣሉ።

የሎሚው ቅጠል ተበልቶ ስታዩ የተባይ መድኃኒት አትርጩ። ትሉን የገደለ ቢራቢሮዋንም ገድሏል። ችግኙ መልሶ ያቆጠቁጣልና ለጥቂት ሳምንታት ታገሡት።