ሸክም ነው ያወረደው?

ቆቦ ላይ የማሽላ ኩንታል አይሱዙ ላይ ሲጫን ያየ ያውቀዋል። ሁለቱ ጆንያውን ከግራና ከቀኝ ብድግ ያደርጉና ሦስተኛው ጀርባ ላይ ያሳርፉታል። ተሸካሚው ትንፋሹን ይዞ፣ ሆዱን ወጥሮ ይራመዳል። ከመሐላቸው የአንዱ ወጣት ብሽሽት እንቁላል የሚያህል እብጠት ቢያወጣ፣ ቆሞ ሲውል የሚወርድ፣ ማታ ጋደም ሲል የሚመለስ፣ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። «ቡአ ነው፤ ሸክም አወረደበት» ይባላል። ታዲያ ያንኑ ኩንታል አብሮት ሲሸከም የኖረው አዛውንት እንዴት ተረፈ?

ሜልቦርን የነበረው ቀዶ ሐኪም ሃሚልተን ራስል እ.ኤ.አ. በ1906 የሰጠው መልስ ደፋር ነበር። የወንድ ፅንስ ቆለጥ የሚበቅለው ኩላሊት አጠገብ ነው። ከዚያ ቁልቁል ሲወርድ የሆድ ዕቃው ስስ ሽፋን በብሽሽት በኩል እንደ ጓንት ጣት ኪስ ሠርቶ ይከተለዋል። ኪሱ በጊዜው ይዘጋል። ያልተዘጋለት ቡአውን ይዞ ተወልዷል፤ ሸክም አንጀቱን ቢገፋው እንጂ ኪሱን አልሠራውም፣ አለ ራስል።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። ግን ኪሳቸው ክፍት ሆኖ ቡአ ሳያውቃቸው የሚሞቱ አሉ፤ ያለ ኪሱም የሆድ ግድግዳቸው ሳስቶ ቡአ የሚወጣባቸው ሽማግሌዎች አሉ። አርካንሶ የነበረው ሬይመንድ ሪድ ቡአ ሲጠግን የሆድ ጡንቻው ሽፋን ሳሳ አለበት። በዓይኑ ብቻ አላመነም፤ ከቡአ ሕሙማንና ከሌሎች እኩል ስፋት ያለው ቁራጭ እየወሰደ መዘነ። የሕሙማኑ ቀለለ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1970 አሳተመ፤ ቆይቶም ለሽፋኑ መሳሳት ሲጋራን ተጠያቂ አደረገ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የ20 ጤነኛ ወጣቶች የሆድ ግፊት ሲለካ፣ ክብደት ከማንሳት ሳልና ዝላይ በለጡ። ያነሱት ግን ቀላል ክብደት ነበር፤ የቆቦን ኩንታል አልሞከሩትም!

ጫኞቹን ያስታወሰ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ከዴንማርክ መጣ። 1.5 ሚሊዮን ገደማ ወንዶች ታዩ። ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲያነሱ የሚውሉትና ለረጅም ሰዓት የሚቆሙት ለቡአ ቀዶ ሕክምና ይበልጥ ይደርሳሉ፤ የሚገርመው፣ ይህ የታየው በራስሉ የኪስ ቡአ ነው፣ ግድግዳ ሳስቶ በሚወጣው አይደለም።

አዛውንቱ ኪሱ ገና ሕፃን ሳለ ተዘግቶለት ይሆናል። ወጣቱ ማታ ጋደም ብሎ እብጠቱን በመዳፉ ወደ ውስጥ ይመልሳል። አንድ ሌሊት አልመለስ ብሎ ከደነደነ፣ ካመመውና ካስመለሰው፣ አንጀቱ ታንቋል ማለት ነው፤ ሆስፒታል ለመሄድ እስኪነጋ አይጠበቅም።