የቡሪ ቆሎ፦ ከኦቾሎኒና ከቴምር ጋር

ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ወደ ክፍል የሚገቡ ልጆች አሉን። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ምግብ መጥፋቱ ሳይሆን ሰዓት መጥበቡ ነው። በባዶ ሆድ ግን ትምህርት አይገባም።

በሌላው ዓለም አጃን ከለውዝና ከደረቀ ፍራፍሬ ጋር በምድጃ ጋግረው ግራኖላ ይሉታል። እኛ ግን ከጥንት ቆሎ አለን፤ የአብነት ተማሪም «የቆሎ ተማሪ» የተባለው ስንቁ ቆሎ ስለነበረ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ምጣድ ብቻ ነው። ቡሪ ስንኖር ደግሞ ሱዳን የምታበቅለው ኦቾሎኒ (ፉል ሱዳኒ)፣ ሰሊጥ (ሲምሲም) እና ቴምር (በለህ) በቅርባችን ነው።

ለአንድ ቤተሰብ 4 ኩባያ የተሸከሸከ ገብስ፣ 1 ኩባያ ሽምብራ፣ 1 ኩባያ ኦቾሎኒና 2 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ እናዘጋጃለን። ሽምብራውን አሳድረን እንነክራለን፤ ጠዋት አጥልለን እናደርቀዋለን። ከዚያ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ በመካከለኛ እሳት፣ እያማሰልን እንቆላለን። አብረን ብንቆላቸው ሽምብራው ሳይበስል ሰሊጡ ያርራል። ሁሉም ሲቀዘቅዝ እንቀላቅላለን።

ቴምሩን ፍሬውን አውጥተን እንከትፋለን፤ የምንጨምረው ግን ልንበላ ስንል ብቻ ነው። ቴምር እርጥበት ስላለው አብሮ ካደረ ቆሎውን ያለሰልሰዋል። ቆሎውን በደንብ በሚከደን ዕቃ እናስቀምጥ፤ የካርቱም ሙቀት የኦቾሎኒን ዘይት ቶሎ ስለሚያበላሽ በሁለት ሳምንት የሚያልቀውን ያህል ብቻ እንቁላ።

ሦስት ነገር ግን አንርሳ። አንደኛ፣ ኦቾሎኒውን ከመቁላት በፊት እንልቀም። የሻገተው፣ የጠቆረውና የተጨማደደው ይጣል። እርጥበት ባገኘው ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ የማይስማማቸው ልጆች ስላሉ ለጓደኛ ከማካፈላችን በፊት እንጠይቅ። ለአንዳንዱ ትንሽ ፍሬ እንኳ ትንፋሽ እስከማሳጠር ያደርሳል። ሦስተኛ፣ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቆሎም ሆነ ያልተፈጨ ኦቾሎኒ አንስጥ፤ ያንቃቸዋል። ለእነሱ የተቆላውን ገብስ ፈጭተን በሶ ብናደርገው ይሻላል።

ዓርብ የእረፍት ቀን ነው። ወላጆች ሲቆሉ ልጆች ይልቀሙ፤ ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ ቋጥረን ቦርሳ ውስጥ ብንከት የሚርበው ልጅ አይኖረንም። የጾም ቀንም ቢሆን ይበላል።