«ፀሐይ»ን በዓይን እንጂ በእጅ ለምን አናይም?

ወልድያ ላይ የአውሮፕላን ድምፅ ሰምታችሁ ቀና ስትሉ፣ ድምፁ በመጣበት በኩል አውሮፕላኑን አጥታችሁት ታውቃላችሁ? ድምፅ 10 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ወደ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ከድምፁ ፊት ፊት ፈልጉት!

እንዲህ ሰማይ ማየት የሚወድ ሰው አንድ ቀን አውሮፕላንን ከቅርብ ማየት ያምረዋል። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ፒያሳ ወዳለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጎራ በሉ። «ፀሐይ» እዚያ አለች። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበርና ኢትዮጵያውያን አዲስ አበባ ላይ የሠሯት አውሮፕላን ናት። ስሟን ያገኘችው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች።

ፊቷ ስትቆሙ ዳሰስ ማድረግ ያምራችኋል። ግን ተዉት። ለምን? የእጃችን ላብ ጨውና ቅባት አለው። ጨው እርጥበት እየሳበ ብረትን ያዝጋል፤ ቅባቱ ደግሞ አቧራ ያጣብቃል። አንድ ሰው ቢነካ ምንም ላይታይ ይችላል፤ በቀን መቶ ሰው ቢነካስ? የተላጠ ቀለም እንደገና ይቀባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች የእጅ ሥራ ግን አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ሌላም አለ። በጀርባ የያዛችሁትን ቦርሳ ወደ ፊት አዙሩት፤ ዞር ስትሉ እቃ እንዳይመታ። ፍላሽ ከማብራታችሁ በፊት አስጎብኚውን ጠይቁ፤ ኃይለኛ ብርሃን ሲደጋገም የድሮ ቀለምና ጨርቅ ያደበዝዛል። ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ልቀቁ።

ኤርፖርት ግን ሙዚየም አይደለም። ላሊበላም ሆነ ኮምቦልቻ ስትሄዱ ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ፤ አጥር አትጠጉ። ጥበቃው «አይቻልም» ካለ፣ አይቻልም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ከጦርነቱ ወዲህ በወልድያ አካባቢ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው አለ። አጠገባችሁ ያሉ እናት ከደነገጡ ስልካችሁን አውርዱና «አይዞዎት እማማ፣ የመንገደኛ ነው» በሏቸው። አውሮፕላን መለየት የሚችል ሰው እውቀቱ እዚህም ላይ ይጠቅማል።

«ፀሐይ» ለእናንተ የደረሰችው ከ80 ዓመት በላይ ሰዎች ስለጠበቋት ነው። ከእናንተ በኋላ ለሚወለደውም ትድረስ።