ጢስን ከላይ ማየት

በጥር ዕረፍት ቤተሰብ ልጠይቅ ጉንችሬ ሄጄ ነበር። አመሻሽ ላይ ወደ ጊቤ ቆላ ስመለከት ሰማዩ ነጠላ የለበሰ መስሏል፣ ፀሐይዋም ቀልታ ነው የምትጠልቀው። ቆላው ውስጥ ቀፎ የሰቀሉት አጎቴ ጨንቋቸዋል። «አንተ የምትማረው ይሄንን አይደል እንዴ? እሳት ይሁን አይሁን እስቲ እይልኝ» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ የሳተላይት የእሳት ካርታ ከፈትኩ። በአካባቢው አንድም ቀይ ነጥብ የለም። «አቧራ ነው ጋሼ፣ አይጨነቁ» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን አራት ቀፎ መቃጠሉን ሰማን።

ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ንዴት ነው። ለመሆኑ ቀይ ነጥቧ ምንድን ናት? ሳተላይቱ ነበልባል አያይም፤ የሚለካው ከመሬት የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ነው። የሚነድ ነገር ወደ 4 ማይክሮን በሚጠጋው የሞገድ ርዝመት ከአካባቢው መሬት እጅግ አብልጦ ያበራል፤ በ11 ማይክሮን ግን ልዩነቱ ያንሳል። ሁለቱን በማነጻጸርና ከጎረቤት ቦታዎች ጋር በማስተያየት እሳቱ ይለያል። ነጥቧ የምትቀመጠው በአንድ የምስል ቁራጭ መሐል ሲሆን፣ ቁራጩ በሞዲስ 1 ኪሎ ሜትር፣ በቪርስ ደግሞ 375 ሜትር ገደማ ጎን አለው። ስለዚህ ነጥቧ የቃጠሎው ስፋት አይደለችም። (ካርታው በቀይ ሲሞላ አገር የነደደ የሚመስላቸው ጓደኞች አሉኝ።)

ጢስ ግን ሌላ ነው። ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ የምናየው በሙቀቱ ሳይሆን በብርሃን ነው። ደቃቅ ቅንጣቶቹ በተለይ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትኑ ግራጫ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጅራት ይመስላል፤ ከመነሻው ቀጥኖ ነፋሱ እየወሰደው ይሰፋል። ከጉም ጋር ከተምታታብን ወደ 2.1 ማይክሮን ምስል እንዞራለን። በዚህ ሞገድ ጢሱ ይጠፋና ከሥሩ ያለው መሬት ይታያል፤ ቅንጣታቸው ተለቅ የሚለው ጉምና አቧራ ግን እንዲህ አይጠፉም። አንድ ችግር አለ፦ ከላይ የሚታየው ጢስ አፍንጫችን ሥር ይሁን ወይም 3 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ምስሉ ብቻውን አይነግረንም።

በአገራችን ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። በ1992 ዓ.ም የባሌና የቦረና ደኖች ለሳምንታት ሲነዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ለማጥፋት ዘምተዋል፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች መጥተዋል። የሚገርመው፣ ሞዲስን የተሸከመችው ቴራ የመጠቀችው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ምስሏን ያነሳችው ባሌ እየነደደ በነበረበት በየካቲት ነው። ግን ገና ሥራ መጀመሯ ስለነበር የዚያን ጊዜው ክትትል በቀድሞዎቹ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ላይ የተደገፈ ነበር። በ2011 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ግን ነጥቦቹን ማንም ሰው በሰዓታት ውስጥ በኢንተርኔት ማየት ይችል ነበር።

ወደ ስህተቴ ልመለስ። የቪርስ ሳተላይቶች በእኛ ሰማይ የሚያልፉት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በቆላው ሣር የሚለኮሰው ግን ብዙውን ጊዜ ነፋሱ በረድ ሲል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። የሣር እሳት ደግሞ ጥድፊያ ነው፤ ሌሊት ሳተላይቷ ስትደርስ አልቆለታል። በየ15 ደቂቃው ምስል የሚልኩ የሜቴዎሳት ሳተላይቶች አሉ፤ ሆኖም 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀው ስለሚቆሙ ትንንሽ እሳት ያመልጣቸዋል።

ዘግይቼ የዚያን ቀን ተራ ፎቶ ከፈትኩ። በሸለቆው ውስጥ ግራጫ ነገር ተኝቷል። በ2.1 ማይክሮን ስቀይረው ጠፋ። ጢስ ነበር ማለት ነው፤ ከዋዜማው ቃጠሎ የተረፈ። ነጥቧን ብቻ ፈልጌ ጢሱን አላየሁም።

አጎቴ «ሳተላይትህ ተኝታ ነበር?» ብለው ስቀውብኛል። አሁንም በበጋ ይደውላሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ግን ስንት ሰዓት ላይ እንዳለፈች ነው።