በነፍስ የሚቆጠር ድጋፍ

ድርቅ፣ በረዶ ወይም አንበጣ ሰብሉን ያጠፋበት ኢትዮጵያዊ ገበሬ ከመንግሥት የሚያገኘው ድጋፍ በዋናነት የሚሰላው በቤተሰቡ ብዛት ነው እንጂ ባጣው ኩንታል አይደለም። የሚሰፈርለት ለአፍ ነው፤ የማሳው ኪሳራ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። አሜሪካ ውስጥ ግን የእርሻ መሥሪያ ቤቱ የጠፋውን ምርት ተምኖ ይከፍላል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ የፍሎሪዳን ጥድ ካነጠፈ በኋላ ለደን ባለቤቶችም ድጎማ ተመድቧል።

የኢትዮጵያው አሠራር የተወለደው ከረሃብ ነው። የወሎውን እልቂት ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ የመጠባበቂያ እህል ክምችት ተጀመረ፤ እህሉ የሚወጣው በብድር ሲሆን፣ የተበደረው ተቋም እርዳታው ሲገባ ይመልስ ነበር። የ1986ቱ ብሔራዊ ፖሊሲ ጉልበት ያለው ሰው እርዳታ የሚያገኘው ሠርቶ እንዲሆን ደነገገ።

ይህ መርህ ሙሉ መልክ የያዘው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ እርዳታ ይለመን፣ እህሉም አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ይደርስ ነበር። ሴፍቲኔት ድጋፉን አስቀድሞ የሚታወቅ አደረገው፦ ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን ሥራ፣ በዓመት እስከ ስድስት ወር። ሥራው እርከን፣ ኩሬና የገጠር መንገድ ነው፤ አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የመጀመሪያው የቀን ክፍያ 6 ብር ሲሆን፣ የወሩ 30 ብር 15 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የተሰላ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር ግን ያ ስሌት ፈረሰ። ክፍያው ወደ 8፣ በኋላም ወደ 10 ብር ቢያድግም ገበያውን አልደረሰበትም፤ ብዙ ተጠቃሚም ከብር ይልቅ በስንዴ መከፈልን መረጠ። በብር የሚከፈል የአደጋ ድጋፍ ሁሉ ደካማ ጎኑ እዚህ ላይ ነው።

ቀመሩ በ2009 ዓ.ም. ወደ ከተማ ተሻገረ። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ መንገድ የሚጠርጉትና አረንጓዴ ቦታ የሚንከባከቡት የከተማ ሴፍቲኔት ታቃፊዎች ከክፍያቸው 20 በመቶውን በባንክ ይቆጥባሉ። ማሳ የሌለው የከተማ ድሃና የዋግ ኽምራ ገበሬ በአንድ ዓይነት መዝገብ መስፈራቸው፣ ሥርዓቱ ስለ እርሻ ሳይሆን ስለ ድህነት የቆመ መሆኑን ያሳያል።

ምርትን ራሱን ለመካስ የተሞከረው በኢንሹራንስ በኩል ነው። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም 930,000 ዶላር ከፍሎ፣ ዝናብ ቢጠፋ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ከፈረንሳዩ የጠለፋ መድን ኩባንያ አክሳ ሪ ጋር ተዋዋለ። ዝናቡ መልካም ስለነበር ክፍያ አልተጠየቀም። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አዲሓ በተባለች ቀበሌ 200 ያህል የጤፍ ገበሬዎች የዝናብ ኢንሹራንስ ገቡ፤ ገንዘብ ያጠራቸው አረቦኑን በጉልበታቸው ከፈሉ። ክፍያው የሚወሰነው በዝናቡ ልኬት ስለሆነ ማሳ የሚጎበኝ ገማች አያስፈልግም፤ በአንጻሩ መረጃው ደህና ዘነበ ካለ፣ ጤፉ የደረቀበት ገበሬ ባዶ እጁን ይቀራል።

ዛፍ ከሁሉም ውጭ ነው። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክለው በአራትና አምስት ዓመት ለከሰል ይቆርጣሉ፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። በቅርብ ዓመታት ዝገት መሰል የፈንገስ በሽታ ተክሉን ሲመታ የብዙ ዓመት ጥሪታቸው አብሮ ደረቀ። የእርዳታው መዝገብ የሚጠይቀው ግን የቤተሰብ ብዛትንና የምግብ ክፍተትን ነው፤ ለደረቀ ዛፍ ዓምድ የለውም።