የወታደሩ አቤቱታና የሕዝብ እንደራሴዎች

የወታደር ቅሬታ ከጦር ሰፈር ወጥቶ ሕዝብ ወደ መረጣቸው እንደራሴዎች የሚደርስበት መንገድ በኢትዮጵያ በሚገባ ሳይደላደል የቆየ ሲሆን፣ መንገዱ በሌለበት ቅሬታው ምን መልክ እንደሚይዝ 1966 ዓ.ም. አሳይቷል። በዚያ ዓመት ጥር ወር በነገሌ ቦረና የነበረው ጦር በምግብና በውሃ ችግር አምፆ አዛዦቹን አሰረ፤ ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዞ እርሱ የሚበላውንና የሚጠጣውን እንዲቀምሱ አስገደዳቸው። ሕዝብ የሚመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በጊዜው ቢኖርም፣ ወታደሩ አቤት ያለው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ዐመፁ በየካቲት አስመራ ደርሶ፣ በሰኔ ደርግ ተቋቋመ፤ ምክር ቤቱም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደቀ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ለማንኛውም ዜጋ የመምረጥ፣ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 87 ደግሞ ሠራዊቱ ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን እንዲያከናውን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ያዝዛል። ወገናዊነት የሚባለው ለአንድ ፓርቲ ማድላት ነው፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ስንቅ፣ ስለ ቁስለኛ ሕክምናና ስለ ሟች ቤተሰብ መጠየቅ ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም።

የመከላከያ ሚኒስቴርን ሥራ የሚከታተለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ግንኙነትና ሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። የአስተዳደር በደልን የሚመረምረው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ለምክር ቤቱ ተጠሪ ነው፤ ይሁንና መቋቋሚያ አዋጁ ቁጥር 211/1992 የመከላከያ ክፍሎች በአገር ደኅንነትና መከላከያ ጉዳይ የሰጡትን ውሳኔ ከሥልጣኑ ውጪ ያደርገዋል፤ ይህም ተራው ወታደር አቤቱታው ከየትኛው ወገን እንደሚወድቅ እንዳያውቅ ያደርጋል። መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ200 በላይ ወታደሮች የደመወዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ ይዘው ከነመሣሪያቸው ያመሩት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት እንጂ ወደ ምክር ቤቱ አልነበረም፤ ድርጊቱም በኋላ በወታደራዊ ፍርድ ቤት የእስራት ቅጣት አስከተለ።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1956 በሕገ መንግሥቷ የፓርላማ የጦር ኃይሎች እንባ ጠባቂ አቋቁማለች፤ ማንኛውም ወታደር የዕዝ ሰንሰለቱን ማለትም የአዛዦቹን ተዋረድ ሳይጠብቅ በቀጥታ ይጽፍለታል፣ እርሱም በየዓመቱ ለፓርላማው ሪፖርት ያቀርባል። በአሜሪካ ደግሞ አዛዥ ወታደሩን ለኮንግረስ አባል በሕጋዊ መንገድ እንዳይጽፍ መከልከልም ሆነ ስለ ጻፈ መበቀል አይችልም። ኢትዮጵያን የሚጎድላት ይህን የመሰለ በወታደሩ ስም የተከፈተ በር ነው።

በሩ እስኪከፈት ሸክሙን የሚሸከሙት ቤተሰቦች ናቸው። ከነቀምት ከተማ ጨለለቂ ሰፈር ወጥቶ ሩቅ ድንበር ላይ የሚያገለግል ወታደር የትውልድ ስፍራውን ተመራጭ በአካል ለማግኘት ይቸገራል፤ በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ብዙ ስፍራዎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ከወላጆቹ ጋር እንኳ መነጋገር አዳጋች ነበር። ወላጆቹ ግን በምርጫ ክልላቸው መራጮች በመሆናቸው የልጃቸውን ማመልከቻ ለእንደራሴያቸው ማድረስ ይችላሉ፤ እንደራሴውም ጉዳዩን ለቋሚ ኮሚቴው አቅርቦ የመከላከያ ሚኒስትሩ መልስ እንዲሰጥበት መጠየቅ ይችላል።